አባቴን የሚያህሉ ተማሪዬን በስክሪን እንዴት ላርማቸው?

ጥያቄው የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ፦

«እትዬ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። 37 ዓመቴ ነው። ኮምቦልቻ አስተምራለሁ። ጎን ለጎን ውጭ አገር ባለ ዩኒቨርሲቲ በኦንላይን ለሚማሩ ሦስት የዶክትሬት ተማሪዎች ተባባሪ አማካሪ ነኝ። አንደኛው 59 ዓመታቸው ነው። ለብዙ ዓመት ርዕሰ መምህር የነበሩ፣ አባቴን የሚያህሉ ሰው ናቸው። ምዕራፍ ሁለትን ሦስት ጊዜ መልሼላቸዋለሁ። ‹እሺ ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልኝ› ይላሉ፤ ተመልሶ የሚመጣው ግን ያው ነው። ሁለተኛዋ እዚህ ተወልዳ አሜሪካ ያደገች ናት። በስሜ ብቻ ትጠራኛለች፤ ኮሜንት በሰጠኋት ቁጥር ትሟገተኛለች። ሦስተኛው 28 ዓመቱ ነው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት በቴሌግራም ‹ዶክተርዬ፣ አየኸው?› ይለኛል። ለአንዱ ልጅ፣ ለአንዷ እኩያ፣ ለአንዱ ጓደኛ ሆኜ ቀረሁ። አማካሪነቴ የቱ ጋ ነው? በተለይ ሽማግሌውን ሳላስቀይም እንዴት ላርማቸው?»

አብሽር ወንድሜ። አንተ እያልኩህ ልቀጥል፤ ታናሽ ወንድሜን ነው የምታክለው። ፈቃድ መጠየቄን ግን ልብ በልልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

በሽማግሌው ልጀምር፤ ጥያቄህ የከበደውም እሳቸው ላይ ነው። ከመምከሬ በፊት የራሴን ጉድ ላውራህ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንተን ሰውዬ የሚመስሉ ተማሪ ነበሩኝ። ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት የቀራቸው መምህር። ምዕራፋቸውን በወርድ ፋይል ይልኩልኛል። እኔ በደሴ ብርድ ጋቢ ደርቤ ቁጭ እላለሁ፤ ዳር ዳሩን በኮሜንት እሞላዋለሁ። አንዱ ምዕራፍ ላይ ብቻ 41 ኮሜንት ጽፌያለሁ። እልካለሁ። «ደርሶኛል፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ» የሚል መልስ ይመጣል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ያው ምዕራፍ አንድ አንቀጽ ተጨምሮበት ይመለሳል። አራት ወር እንዲህ ሄድን። በልቤ «ሴት ናት፣ ልጅ ናት ብለው ንቀውኝ ነው» ማለት ጀምሬ ነበር። አንድ ቀን በስልክ ስናወራ «ሰባተኛዋን ኮሜንት እንዴት አዩዋት?» አልኳቸው። ዝም አሉ። ቆይተው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የምን ኮሜንት ነው የምትይኝ ዶክተር?» አሉ።

ፋይሉን የሚከፍቱት በስልካቸው ነበር። የሚከፍቱበት አፕ ደግሞ የዳር ኮሜንት አያሳይም። እኔ ኢሜይሉ ላይ የምጽፈው «አስተያየቴን አያይዣለሁ» ብቻ ነው። እሳቸው ይከፍታሉ፤ ጥርት ያለ የራሳቸው ጽሑፍ ነው። «ሳይገባኝ ቀርቶ ይሆናል» ብለው አንድ አንቀጽ ጨምረው ይመልሳሉ። መጠየቅ አፍረዋል። እኔም ለምን እንዳልተስተካከለ መጠየቅ አፍሬያለሁ። አራት ወር በሁለት ሰው ይሉኝታ ተበላ።

ቢሮ ውስጥ ብንሆን ይሄ አይፈጠርም ነበር። ወረቀቱ መሃላችን ይቀመጣል፣ በእስክሪብቶዬ አሳያቸዋለሁ፣ ፊታቸው ሲጨልም አያለሁ። ስክሪን ይህን ሁሉ ይወስድብሃል። የሚቀርልህ «እሺ» የምትለው ቃል ብቻ ናት።

እሺ ደግሞ በእኛ አፍ ብዙ ነገር ናት። «ሰምቻለሁ» ናት። «ከአንተ ጋር አልጣላም» ናት። «አሁን ተወኝ» ናት። አንዳንዴ «ምንም አልገባኝም፣ ግን ይህን በልጅ ፊት አልናገርም» ናት። «ተስማምቻለሁ፣ አስተካክላለሁ» የምትሆነው ከስንት አንዴ ነው። ስለዚህ ከተማሪህ አፍ እሺን ስትሰማ ገና ምንም እንዳልሰማህ ቁጠር።

ታዲያ እንዴት ታጣራለህ? «ገብቶዎታል?» ብለህ አትጠይቅ። መልሱ እሺ ነው። «እስኪ የነገርኩዎትን መልሰው ይንገሩኝ» ካልክ ደግሞ ሰውዬውን እንደ አራተኛ ክፍል ልጅ ፈተንካቸው። እኔ የምጠቀምበት ዘዴ ቃለ ጉባኤ ነው። «የተነጋገርነውን ለዋናው አማካሪ ማሳወቅ አለብኝ፤ ዛሬ የተስማማንባቸውን ነገሮች በአምስት መስመር ጽፈው ይላኩልኝ» እላለሁ። ርዕሰ መምህር የነበረ ሰው ቃለ ጉባኤ መያዝ ደሙ ውስጥ ነው፤ አይከፋውም። በእነዚያ አምስት መስመሮች ውስጥ ምን እንደገባቸውና ምን እንዳልገባቸው ቁልጭ ብሎ ታየዋለህ። ካስፈለገ እዚያው ታርማለህ፤ «አራተኛዋ ላይ እኔ አጥርቼ አልተናገርኩም መሰለኝ» ብለህ ጥፋቱን ወደ ራስህ ትወስዳለህ። ይህችን ያህል ውሸት ይፈቀድልሃል።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። «ሳላስቀይም» ትላለህ። አክብሮት ይመስላል፤ ለእኔ ግን ግማሹ ፍርሃት ነው። አትቆጣ፣ እኔም የኖርኩበት ነው። እስኪ የዲፌንሱን፣ ጽሑፋቸውን ፈታኞች ፊት የሚከላከሉበትን ቀን አስበው። የማያውቋቸው ሦስት ሰዎች በቪዲዮ ይቀመጣሉ። አንዱም «ጋሼ» አይላቸውም። ምዕራፍ ሁለትን ገልጠው አንተ ያልተናገርከውን በአምስት ደቂቃ ይናገሩታል፤ ምናልባት ልጆቻቸው ከበር ኋላ እየሰሙ። ያን ቀን ማን አከበራቸው ይባላል?

ክብሩን ሰውዬው ላይ አኑረው። አንቱ በላቸው፣ ስብሰባ ስትጀምር ጤንነታቸውን፣ ቤተሰቡን፣ የአካባቢውን ዝናብ ጠይቅ፤ ለዚህ አምስት ደቂቃ አትቆጥብ። ስለ ወረቀቱ ስታወራ ግን ወረቀቱ አንቱ አይባልም። አንድ ጊዜ የጻፍኩትን ላሳይህ፦ «ጋሼ፣ ይህ ምዕራፍ እንዳለ ከቀረበ ፈታኞቹ አይቀበሉትም። ፊታቸው ቆሜ የምከራከርልዎ ነገር አጣለሁ። ስለዚህ ሁለት ነገር እንዲያስተካክሉልኝ እለምንዎታለሁ።» አየህ? አንቱ አለ፣ ልመና አለ፣ «ትንሽ ቢስተካከል» የሚባል መሸፋፈኛ ግን የለም።

ይህ ከፈረንጅ የመጣ ነገር የሚመስላቸው አሉ። እኔ አይመስለኝም። ቅኔ ቤትን አስበው። ተማሪው ጥግ ይዞ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያ መምህሩ ፊት ሄዶ ይነግራል። ጢም ያወጣውም፣ ትናንት የመጣውም ልጅ እኩል ይነግራል። ሁለት ቤት ብቻ ያላት አጭሯ ቅኔ፣ ጉባኤ ቃና እንኳ ከፈረሰች ፈርሳለች ነው የሚባለው። ወሎ ውስጥ እንደ ዳና ባሉ የእስልምና ትምህርት ቦታዎችም ደረሳው ኪታቡን ሼኹ ፊት ዘርግቶ ሲቀራ ስህተቱ እዚያው ይታረማል። ማንም ተዋረድኩ አይልም። የኔታን ያህል የሚከበር የለም፤ የኔታን ያህል ቆርጦ የሚያርምም የለም። ሁለቱ አብረው ነው የኖሩት። የለያየናቸው እኛ፣ ዘመናዊ ነን ባዮቹ ነን።

ምዕራፍ ሁለት ላይ፣ ሌሎች የጻፉት የሚዳሰስበት ሊትሬቸሩ ላይ ማለቴ ነው፣ ትንሽ ልቆይ፤ ችግሩን ሳላየው የማውቀው ይመስለኛል። «እገሌ እንዲህ አለ። እገሌ ደግሞ እንዲህ አለ። እገሊት እንዲህ ብላ ጻፈች።» ሠላሳ ገጽ። የእሳቸው ድምፅ የትም የለም። ልክ ነኝ?

ስንፍና አይደለም። የዚያ ዘመን ተማሪ የሚመሰገነው የተጻፈውን ሳያዛንፍ መልሶ ሲያመጣ ነበር። መጽሐፍ የጻፈ ሰው ላይ «ተሳስቷል» ማለት ለእሳቸው ነውር ነው። አንተ «ሂሳዊ ትንተና ይጎድለዋል» ብለህ ኮሜንት ስትጽፍላቸው «ታላላቆችህን ስደብ» ያልካቸው ያህል ይሰማቸዋል። ስለዚህ ሌላ አምስት ምንጭ ይጨምራሉ። ታዛዥነታቸው ነው ምዕራፉን ያሳበጠው።

እኔ ያገኘሁት መውጫ ሽምግልና ነው። ተማሪዬን እንዲህ አልኳቸው፦ «ጋሼ፣ እርስዎ እርቅ ላይ ተቀምጠው ያውቃሉ። ከሳሽ ይህን አለ፣ ተከሳሽ ይህን አለ ብለው ጋቢዎን አራግፈው ቢነሱ ሰው ምን ይላል?» ሳቁ። «ሽማግሌ አይደለም፣ ገደል ማሚቶ ነው ይላላ!» አሉ። እንግዲያው ሊትሬቸሩም እንደዚያ ነው አልኳቸው። ሁለቱ ጸሐፊዎች በምን ይስማማሉ? የሚለያዩት የቱ ጋ ነው? አንደኛው ያየው የከተማ ትምህርት ቤት፣ ሌላው የገጠር ስለሆነ ይሆን? የማንኛው ማስረጃ ይከብዳል? እርስዎስ ምን ፈረዱ? ሽማግሌ ማንንም ሳይሰድብ ይፈርዳል። ከዚያ በኋላ የመጣው ምዕራፍ ከሠላሳ ገጽ ወደ አሥራ ዘጠኝ ወርዶ ነበር። እያንዳንዱ ክፍል መጨረሻ ላይ የራሳቸው ፍርድ ነበረበት። አንዷ ላይ እንዲያውም ከእኔ ጋር አልተስማሙም። ያን ቀን ቡና አፈላሁ።

ሌላም አለ። ሐሳቡን በእንግሊዝኛ ብቻ አትጠይቃቸው። ደንቡ ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ይሁን ይላል፤ ማሰቡ በእንግሊዝኛ ይሁን የሚል ደንብ ግን አላየሁም። «ይህን አንቀጽ በአማርኛ በድምፅ ሦስት ደቂቃ ያስረዱኝ» በላቸው፤ በቴሌግራም ቮይስ ይላኩ። እንግሊዝኛው ላይ ሽባ የነበረው ሐሳብ በአማርኛ ሲሮጥ ትሰማለህ። ከዚያ «ይህን የነገሩኝን ነው መጻፍ ያለብዎት» ትላለህ።

ኮሜንትህንም አደራ መድበው። እኔ ሦስት ዓይነት ነው ያለኝ፣ እያንዳንዱ ኮሜንት መጀመሪያ ላይ አንድ ቃል እጽፋለሁ። «ግዴታ» ካልኩ ሳይስተካከል አያልፍም። «ይሻላል» ካልኩ ምርጫው የእነሱ ነው። «ጣዕም» ካልኩ የእኔ አመል ስለሆነ ሊተውት ይችላሉ። ለታዛዡ ተማሪ የቱን መታዘዝ እንደሌለበት ይነግረዋል። ለምትሟገተዋ የቱ ላይ መሟገት ጊዜ ማባከን እንደሆነ ይነግራታል። አርባ ኮሜንት ውስጥ «ግዴታ» የሚለው ከስድስት ከበለጠብህ ደግሞ ችግሩ ምናልባት ተማሪው ሳይሆን አንተ ነህ።

ማይክል ሙር የሚባል የርቀት ትምህርት ምሁር ከፈረንጆቹ 1970ዎቹ ጀምሮ ሲለው የኖረ ነገር አለ። የርቀት ትምህርት ርቀቱ በኪሎ ሜትር አይለካም፤ በመምህሩና በተማሪው መሃል ያለ የመግባባት ክፍተት ነው ይላል። ክፍተቱን የሚያሰፉና የሚያጠቡ ነገሮች ብሎ ውይይትንና የትምህርቱን መዋቅር አስቀምጧል፤ ከዚያ ተማሪው ራሱን ችሎ የመማር አቅሙን ይጨምርበታል። ለእኔ ይህ ሰው ልክ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ መሃል ያለው ቁልቁለት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እዚያች መንገድ ላይ የተጠፋፉ አማካሪና ተማሪ አውቃለሁ። ሚኒሶታ ያለች ተማሪዬ ደግሞ ጎረቤቴ ነበረች ማለት ይቻላል። የአንተ ሦስት ተማሪዎችም የጎደላቸው የተለያየ ነው። ሽማግሌው መዋቅር ይፈልጋሉ፤ ምን፣ መቼ፣ ስንት ገጽ የሚል። የአሜሪካዋ ውይይት ትፈልጋለች። የ28 ዓመቱ ልጅ ድንበር ይፈልጋል።

ወደ አሜሪካዋ እንሂድ። በስምህ መጥራቷን እንደ ንቀት አትቁጠረው። እዚያ አገር የመደበኛ አክብሮት መጠሪያ የቤተሰብ ስም ነው። እኛ ጋ ግን በአባትህ ስም «ዶክተር እገሌ» ካለችህ የጠራችው አባትህን ነው! ምናልባት ይህን ስለምታውቅ ነው ስምህን የያዘችው። ካልተመቸህ ደግሞ ንገራት፤ «ዶክተር ጨምሪበት» ማለት አያሳፍርም። እኔ ራሴ ዶክትሬቴን በርቀት ስሠራ አማካሪዬ በዘጠኝ ዓመት የምታንሰኝ ፈረንጅ ነበረች። በመጀመሪያው ኢሜይል «በስሜ ጥሪኝ» አለችኝ። እጄ እምቢ አለ። ለሁለት ዓመት ያህል ኢሜይሎቼን ያለ ምንም መጠሪያ ነበር የምጀምረው፤ በቀጥታ «ሰላም፣ ምዕራፉ ይኸው» ብዬ። እሷ ደግሞ ተቆጥቼባት እንደሆነ ስታስብ ኖራለች። ለዚህ ነው መጀመሪያ ላይ ፈቃድ የጠየቅኩህ። ማን ማንን ምን ብሎ ይጠራል የሚለው በመጀመሪያው ስብሰባ አፍ አውጥቶ የሚነገር ጉዳይ ነው። ሁለት ደቂቃ ይወስዳል።

ሙግቷን በተመለከተ አንድ ነገር እጠረጥራለሁ። ኮሜንትህን እንዴት ነው የምትጽፍላት? «እዚህ ጋ ትንሽ ብታዪው ጥሩ ነው» እያልክ ከሆነ ለእኛ ሰው ይህ «መጥፎ ነው፣ ድገሚው» ማለት ነው። ለእሷ ግን «ጥሩ ነው፣ ጊዜ ካለሽ እዪው» ማለት ነው። ሰም ትሰጣታለህ፤ እሷ ሰሙን ይዛ ትሄዳለች፤ ወርቁን ለምን አላወጣችም ብለህ ትቆጣለህ። ኤድዋርድ ሆል የሚባለው አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት ባህሎችን እንዲህ ይለያቸዋል፤ አንዳንዱ ነገሩን በቃሉ ውስጥ ያስቀምጣል፣ አንዳንዱ በዙሪያው፣ በፊት፣ በዝምታ፣ በማን እንደተናገረው። እኛ ሁለተኛዎቹ ነን። ለእሷ በቃሉ ውስጥ አስቀምጥላት። «ይህ መደምደሚያ ከመረጃሽ አይወጣም፤ ምክንያቱም ያነጋገርሽው የከተማ መምህራንን ብቻ ነው» በላት። ከዚያም ስትሟገት ደስ ይበልህ። ዶክትሬት የሚሰጠው ለሚሟገት ሰው ነው። ትክክል ስትሆን «ልክ ነሽ፣ ኮሜንቴን አንስቻለሁ» ብለህ ጻፍላት። እንዲህ ያለ አማካሪ ብዙ አያጋጥማትም።

ዝምታህንም አስረዳት። ይህን የምልህ ከደረሰብኝ ተነስቼ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ ጦርነቱ ደሴ ሲገባ እናቴን ይዤ መውጣት አልቻልኩም፤ ቀረሁ። መብራት የለም፣ ኔትወርክ የለም። ያኔ ካሪቢያን ተወልዳ አሜሪካ የምትኖር አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። ከተማዋ ኅዳር መጨረሻ ላይ ተለቅቃ፣ ቆይቶ ኔትወርክ ሲመለስ ኢሜይሌን ከፈትኩ። ከእሷ ዘጠኝ መልእክት ተደርድሯል። የመጀመሪያው «ደህና እንደሆንሽ ተስፋ አደርጋለሁ» ይላል። አራተኛው ስለ ማስረከቢያ ቀን ነው። ሰባተኛው አማካሪዬ ጠፍታለች ብላ ለትምህርት ክፍሉ የጻፈችው ክስ ግልባጭ ነው። ስምንተኛው የለም ማለት ይቻላል፣ አንድ የጥያቄ ምልክት ብቻ። ዘጠነኛው «አሁን ዜናውን አየሁ። አለሽ?» ይላል። እሷ ላይ አልፈረድኩም። የመጣችበት ዓለም ውስጥ አማካሪ ሁለት ሳምንት ዝም ካለ ቸል ብሏል ማለት ነው። የምኖርበትን ቦታ በደንብ አልነገርኳትም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ለአዲስ ተማሪ በመጀመሪያው ቀን አንድ አንቀጽ እልካለሁ። «የምኖረው ደሴ ነው። መብራትና ኔትወርክ ሊጠፋ ይችላል። አሥር ቀን ዝም ካልኩ ትቼሃለሁ ማለት አይደለም፤ ለዋናው አማካሪ ጻፍ።» ከነሐሴ 2015 ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለወራት ሲቋረጥ ያቺ አንቀጽ ሥራዋን ሠራች። ማንም አልከሰሰኝም።

ሰዓት ላይ ቶሎ ልለፍ። ከውጭ ተማሪ ጋር ቀጠሮ ስትይዝ «3 ሰዓት» ብቻ ብለህ አትጻፍ፤ በሁለቱም አቆጣጠር ጻፈው። አሜሪካ በዓመት ሁለቴ ሰዓቷን ታዛውራለች፣ እኛ አናዛውርም። የእኛ ማታ 2 ሰዓት በምሥራቁ ዳርቻ አንዳንዴ በእነሱ የቀን 1፡00፣ አንዳንዴ 12፡00 ነው። ቀንም እንደዚያው፣ «መስከረም 5» ስትል የማንን መስከረም እንደሆነ ተናገር። እዚህ ላሉት ደግሞ አርብ እኩለ ቀንና በረመዳን የማፍጠሪያ ሰዓት ላይ ስብሰባ አትያዝ። በፋሲካ ማግስት ረቂቅ ላክ አትበል። ወሎ ላይ ይህ ለማንም አዲስ አይደለም፤ ስክሪን ፊት ስንቀመጥ ግን እንረሳዋለን።

ልጁ ቀረን። የሌሊት 6 ሰዓቱ። እሱ የሚያሳስበኝ በሌላ በኩል ነው። «ዶክተርዬ» ማለቱ ድፍረት አይደለም፤ ብቸኝነት ነው። በኦንላይን ዶክትሬት የሚሠራ ልጅ ላይብረሪ ውስጥ ጎኑ የሚቀመጥ ጓደኛ የለውም። ሻይ ቤት አብሮት «ዛሬስ አማካሪዬ ገደለኝ» የሚለው ሰው የለውም። ሌሊት ሲጨንቀው ያለኸው አንተ ብቻ ነህ። ማዘን አለብህ፤ መልስ ግን አትስጥ። «ማክሰኞና ሐሙስ ከ11 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ቴሌግራም ላይ አለሁ፤ ከዚያ ውጭ ኢሜይል» በለው። አንድ ሌሊት ከመለስክለት ሕጉ ፈረሰ። እኔ ሦስት ጊዜ አፍርሼዋለሁ፣ ሦስቱንም ጊዜ ተጸጽቻለሁ።

ሌላው ቻትጂፒቲ ነው። በአንድ ሌሊት አራት ገጽ፣ እንግሊዝኛው እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ፣ የጠቀሳቸውን ጽሑፎች ስትፈልጋቸው የሌሉ ሲሆኑ ልብ በል። አትጩህበት። የሽማግሌውን መድኃኒት ለእሱም ስጠው፤ «ይህን አንቀጽ በአማርኛ በቮይስ አስረዳኝ፣ ሳታነብ።» የራሱ ከሆነ ይነግርሃል። ካልሆነ ሃያ ሰከንድ ላይ «እእእ» ይጀምራል። ከዚያ ስለ ዩኒቨርሲቲው ደንብ በግልጽ አውሩ፤ ምን እንደተፈቀደ፣ ምን ማሳወቅ እንዳለበት።

አንድ የመጨረሻ ሐሳብ፣ ለእኔ ከሁሉም የተሻለ የሠራው። ሽማግሌውንና ልጁን አገናኛቸው። በወር ሁለት ጊዜ፣ አንተ በሌለህበት። ቅኔ ቤት አስነጋሪ የሚባል አለ፤ ከፍ ያለ ተማሪ ሆኖ የታናናሾቹን ቅኔ የሚሰማ። እዚህ ግን ሁለቱም አስነጋሪ ናቸው። ልጁ ማጣቀሻ መሰብሰቢያ ሶፍትዌሩን ያሳያቸዋል፣ የወርድ ኮሜንት እንዴት እንደሚከፈት ያሳያቸዋል፤ እሳቸው ከአንተ ይልቅ እሱን መጠየቅ ይቀላቸዋል፣ የልጅ ልጅ ስልክ እንደሚያስተምረው ዓይነት ነው። እሳቸው ደግሞ ትምህርት ቤት ውስጥ ገብቶ ሰው እንዴት እንደሚያናግር፣ የትኛው ደብዳቤ የትኛውን በር እንደሚከፍት ያሳዩታል። ይህ የትም አልተጻፈም። ሌሊት 6 ሰዓት የሚልክልህ መልእክትም ይቀንሳል። ብቻ አንድ ነገር ተጠንቀቅ፣ ሦስታችሁ ባላችሁበት የሽማግሌውን ምዕራፍ አታንሳ። በልጁ ፊት የታረመ ሽማግሌ እሺ ይልሃል፤ ሁለተኛ ግን አይመጣም።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የትኛውን ታስቀድማለህ? ነገ ጠዋት ደውልላቸው። ኢሜይል አይደለም፣ ስልክ ደውል። ጤንነታቸውን ጠይቅ፣ ከዚያ «ጋሼ፣ ፋይሉን የሚከፍቱት በምንድን ነው? ዳር ላይ የጻፍኩት ይታይዎታል?» በላቸው። የሚመልሱልህን ጻፍልኝ።